ንስሩና ዲናሩ፦ ስድስት ቀን በሮም

ሰኞ

ሮም የደረስኩት በተሳሳተ ቀን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በባቡር ተሳፍሬ ተርሚኒ ጣቢያ ስወርድ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ሻንጣዬን ሳላሳርፍ ማዶ ወዳለው ፓላሶ ማሲሞ ሙዚየም ገብቼ ምድር ቤቱ ውስጥ የተቀመጡትን የሮማውያን የብር ገንዘቦች ማየት። በሩ ዝግ ነው። ሰኞ ሙዚየሙ ያርፋል፤ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ደግሞ የማንም ሳይሆን የእኔ ሥራ ነበር። ልትቀበለኝ የመጣችው ታላቅ የአክስቴ ልጅ፣ እኛ ቤት እትዬ የምንላት፣ ከት ብላ ሳቀችብኝ። «ሁለት ሺህ ዓመት የጠበቀህ ዲናር አንድ ሌሊት ቢጨምርልህ ምን ትሆናለህ?»

እትዬ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ እዚህ ከተማ 18 ዓመት ኖራለች። አውቶቡሶቹን ሁሉ ከነቁጥራቸው ታውቃለች፤ ሙዚየሞቹን ግን ከውጭ ብቻ።

ዲናር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በወንጌል የወይኑ አትክልት ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር ተዋውለው የሠሩበት፣ «የቄሣርን ለቄሣር» የተባለበትም ያው የሮማውያን የብር ገንዘብ ነው። ሌጌዎንንም የምናውቀው ከዚያው መጽሐፍ ነው። ልጅ ሆኜ ሌጌዎን የአጋንንት ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የሮም የጦር ክፍል መጠሪያ መሆኑን የተረዳሁት አድጌ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ዲናር፣ ማለትም የሌጌዎን ስምና የጦር ዓላማ (የክፍሉ ሰንደቅ) የተመታበት ገንዘብ መኖሩን ከሰማሁ ጀምሮ ግን ይህን ጉዞ ሳስብ ኖሬአለሁ።

ሙዚየሙ ቢዘጋብንም አደባባዩ ክፍት ነው። ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኮቸንቶ፣ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። እትዬ በየቀኑ አውቶቡስ የምትይዝበት ቦታ ሲሆን አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን ጠይቃ አታውቅም። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት የጣልያን ጦር ወታደሮች ናቸው። ጥቂት አለፍ ብሎ ባለው መናፈሻ ሐውልታቸው ቆሟል፤ ሐውልቱም በጥንት ዘመን ሮማውያን ከግብፅ ያመጡት የፈርዖን ድንጋይ ነው። የራስን ሽንፈት ለማስታወስ የሌላውን ምርኮ ማቆም! እትዬ ድንጋዩን ሽቅብ አየችና «አሉላ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?» አለች። ቀኑ በዚህ አለቀ።

ማክሰኞ

በሩ እንደተከፈተ ገባን። የገንዘቡ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መግቢያው እንደ ባንክ ካዝና ወፍራም የብረት በር አለው። «ያን የሚያህል ሐውልት ላይ ቤት ያለ መዝጊያ ትተው ሳንቲሙን እንዲህ ይቆልፉበታል?» አለች እትዬ። ሐውልት በኪስ እንደማይገባ ነገርኳት።

ዲናር የጦርነት ልጅ ነው። የካርታጎ የጦር መሪ ሃኒባል ጣልያን ውስጥ ሠራዊቱን ይዞ ሮምን ባስጨነቀበት ዘመን የከተማይቱ ገንዘብ ወደቀ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማም ይህ አዲስ የብር ገንዘብ ተመታ። ክብደቱ አራት ግራም ተኩል ያህል ነበር። ፊቱ ላይ የራስ ቁር የደፋች ሴት አለች፤ ሮም ራሷ ናት። ከኋላዋ X የሚል ምልክት አለ፤ አስ በሚባለው የነሐስ ሳንቲም አሥር ይመነዘራል ማለት ነው። ጀርባው ላይ ሁለት መንታ ወንድማማቾች ጦራቸውን አነጣጥረው ፈረስ ያስጋልባሉ። ከጥፍሬ ብዙም በማይበልጥ ብር ላይ የፈረሶቹ ስምንት የፊትና የኋላ እግሮች ሁሉ ይቆጠራሉ። የተሠራው ደግሞ በእጅ ነው፤ የብሩን ጥፍጥፍ ከሁለት የተቀረጹ የብረት ማኅተሞች መካከል አስቀምጦ በመዶሻ መምታት። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉት፤ አንዳንዱ ፈረስ ጭራውን፣ አንዳንዱ አፍንጫውን አጥቷል።

አንድ ሒሳብ እዚያው ቆሜ ሠራሁ። በአውግስጦስ ዘመን የአንድ ሌጌዎን እግረኛ የዓመት ደመወዝ 225 ዲናር ነበር። የወንጌሉ የወይን ሠራተኛ በቀን አንድ ዲናር ካገኘ፣ ዓለምን የገዛው ወታደር በቀን አንዱን እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም ላይ የምግቡና የልብሱ ይቆረጥበታል። ዋናው ተስፋው አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ የሚበተነው ስጦታ ነው። እንግዲህ በዚህ ሰው መዳፍ ላይ የሚወድቀው ብር ምን መልክ ይኑረው? ዘይት ሻጩና እንጀራ ጋጋሪዋ ብሩን የሚያዩት ከወታደሩ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚመለከተው እሱ ነው፤ የተቀረጸውም ለእሱ ዓይን ነው።

ያንን ለማየት የመጣሁለትን ከመስኮቱ ጥግ አገኘሁት። የሮም የጦር መሪ ማርቆስ አንቶንዮስ በ32 እና በ31 ቅ.ል.ክ. ኋላ አውግስጦስ ከተባለው ከኦክታቭያን ጋር ለሚያደርገው የመጨረሻ ፍልሚያ ሲዘጋጅ ያስመታው ዲናር ነው። በአንድ ወገን ባለ ብዙ መቅዘፊያ የጦር መርከብ፣ በሌላው ወገን በሁለት የጦር ዓላማዎች መካከል የቆመ ንስር። ከሥሩ LEG ይልና ቁጥር ይከተላል፤ እስከ 23ኛው ሌጌዎን ድረስ ለየክፍሉ ለብቻው ተመትቷል። የራሱ የአንቶንዮስ ምስል የለም። ስሙና ሹመቱ በመርከቡ ዙሪያ በአጭሩ ተጽፈዋል፤ መልኩን ግን አስቀርቶ የወታደሩን ንስር አስቀምጧል። ንስሩ ለሌጌዎን ምን እንደነበር ለእኛ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ታቦት በጦር ሜዳ ሲማረክ ሕዝቡ ምን እንደሚሰማው አስቡ፤ ነገሩ ወደዚያ ይጠጋል።

ብሩ ግን ንጹሕ አልነበረም። አንቶንዮስ ብዙ ጦርና ጥቂት ብር ስለነበረው መዳብ ቀላቀለበት። ውጤቱ አስገራሚ ነው፤ ሰው ደኅናውን ብር ቀብሮ ይህንን አወጣ። የአንቶንዮስ ጦር አክቲዩም ላይ ከተሸነፈ፣ ራሱም ከሞተ በኋላ ዲናሩ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። አሁን የማየው ፊቱ እንደ ሳሙና አልቋል።

ከዚያ አጠገብ ኦክታቭያን በ28 ቅ.ል.ክ. ያስመታው አለ፤ አዞ፣ ከላይና ከታች «ግብፅ ተያዘች» የሚል ጽሑፍ። አንቶንዮስ የት ሄደ? ሮማዊ ሮማዊን ገደለ ብሎ በገንዘብ ላይ ማተም አይመችም፤ ስለዚህ የወንድማማቾቹ ጦርነት በአንድ አዞ ተሸፈነ። እዚህ ላይ ነው ሰኞ ከሐውልቱ ሥር የጀመረኝ ጥርጣሬ መልክ የያዘው። እነዚህን ገንዘቦች ገልብጦ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የሚጮኹት ቃል የጎደለውን ነገር ይጠቁማል።

ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር ልብ ነካኝ። ይህ ቤት ከያዘው ሀብት ትልቁ ድርሻ የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ ስብስብ ነው፤ ከመቶ ሺህ በላይ ገንዘብ። በ1928 ዓ.ም. ጦሩ አዲስ አበባ ሲገባ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የተባለው ያው ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳንቲም ሰብሳቢ ነበር፤ ስለ ጣልያን ገንዘቦችም ሃያ ቅጽ የሚሞላ መዝገብ አሳትሟል። ስለዚህ በዚያ ዓመት በወጣው የሃያ ሊሬ ብር ላይ ሰረገላ የሚስቡ አራት ፈረሶች ሲቀረጹ፣ በስሙም ላይ «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» የሚል ሲጨመር፣ ምስሉ ከየት እንደተቀዳ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። የዚያን ዓመት ሊሬ አዲስ አበባ በአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ አይቼዋለሁ። «ተያዘች» የሚለው ቃል ዕድሜው አምስት ዓመት ብቻ ነበር። ንጉሡ በ1946 እ.ኤ.አ. ከአገሩ ሲሰደድ ስብስቡን ለጣልያን ሕዝብ ትቶ ሄደ። የተሰደደው ወደ ግብፅ ነው፤ ወደ አዞው አገር።

ረቡዕ

124 ደረጃ ወጣን። እትዬ ጉልበቷን ይዛ በየሃያው ደረጃ አንድ ቅዱስ ትጠራለች። ከላይ የአራቼሊ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ዩኖ ሞኔታ የተባለችው ጣዖት መቅደስ የነበረው በዚህ በካፒቶሊን ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው፤ የሪፐብሊኩ ገንዘብ መምቻ ቤትም ከእሷ ጋር ተጠግቶ ይሠራ ነበር። ፈረንጆች ገንዘብን የሚጠሩባቸው ቃላት ብዙዎቹ ከዚህች «ሞኔታ» የወጡ ናቸው። ለዩኖ የተሰጡ ዝይዎች በሌሊት ጮኸው ከተማይቱን ከጎል (ከዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ወራሪዎች አዳኑ የሚባለውም በዚሁ ኮረብታ ላይ ነው። ገንዘብ መምቻው ከጠባቂ ዝይዎች ጎረቤት መሆኑ ሳይሻል አልቀረም።

ከአደባባዩ መካከል የሮም ንጉሥ ማርቆስ አውሬልዮስ በፈረስ ላይ ተቀምጧል። ይህ ቅጂው ነው፤ ዋናው ከጎኑ ባለው ሙዚየም ውስጥ ተጠልሏል። ከኪሴ የጣልያኑን ሃምሳ ሳንቲም አውጥቼ ከሐውልቱ ጋር አስተያየሁት፤ ያው ፈረስ፣ ያው የተዘረጋ እጅ። ይህ ሰው ከወንድሙ ከቬሩስ ጋር ሆኖ የአንቶንዮስን ንስር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ለስድስተኛው ሌጌዎን እንደገና አስመትቷል፤ «መልሰን ሠራነው» ብለው ጽፈውበታል። የተሸነፈን ሰው ገንዘብ ድል አድራጊዎች የሚያድሱት ለምንድን ነው? ለአንቶንዮስ ብለው አይመስለኝም፤ ወታደሩ ንስሩን ስለሚወድ ነው።

ወደ ፎሩሙ፣ ወደ ጥንታዊቷ ሮም አደባባይ፣ ስንወርድ በስተግራ ቱሊያኑም የተባለው እስር ቤት አለ። የጎሎች መሪ ቬርሲንጀቶሪክስ ለስድስት ዓመት ታስሮ በ46 ቅ.ል.ክ. እዚያ ተገደለ። ከመገደሉ ሁለት ዓመት በፊት በተመታ አንድ ዲናር ላይ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ጸጉሩ ወደ ኋላ የተበተነ የጎል ሰው ራስ አለ። ብዙዎች እሱ ነው ይላሉ፤ ስሙ ግን አልተጻፈም። ትናንት በአጉሊ መነጽር ያየሁት ፊት ይህ ነበር፤ ከቄሣሮቹ መልክ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚመስለውም እሱ ነው። ያን የቀረጸ እጅ ምርኮኛውን ጠልቶት እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ከሳተርን መቅደስ ስምንት ዓምዶች ቀርተዋል። የመንግሥት ግምጃ ቤት እዚህ ነበር። ዩልዮስ ቄሣር በ49 ቅ.ል.ክ. ሩቢኮንን ተሻግሮ ሮም ሲገባ ግምጃ ቤቱን በኃይል ከፍቶ ብሩን ወሰደ፤ በዚያው ሰሞን ጦሩን የከፈለበት ዲናር ላይ እባብ የሚመስል ነገር የሚረግጥ ዝሆን አለ፤ ከሥሩ CAESAR ብቻ። በጀርባው የካህን ዕቃዎች ተደርድረዋል። ግምጃ ቤት የሰበረ ሰው ካህንነቱን ማስታወሱ!

ከዚያ ማዶ ሦስት ረጃጅም ዓምዶች የቆሙበት የካስቶር መቅደስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዲናሮች ላይ የሚጋልቡት መንትዮች ቤት ይህ ነው። በሬጊለስ ሐይቅ ጦርነት ሁለት ያልታወቁ ወጣቶች በነጭ ፈረስ ከሮማውያን ጋር ተሰልፈው ተዋጉ፤ ያን ዕለት ማታ ደግሞ እዚሁ ምንጭ አጠገብ ፈረሶቻቸውን ሲያጠጡ ታዩ፤ ድሉን አብስረውም ተሰወሩ ይላል የሮማውያን ትውፊት። እትዬ ቀና ብላ «ጊዮርጊስ አድዋ ላይ እንደታየው ነዋ!» አለች። እኔ ገጽ ሙሉ ልጽፍ ያሰብኩትን ጨረሰችው።

የንጉሥ ሴፕቲምዮስ ሴቬሩስ ቅስት አጠገብ ቆየን። እ.ኤ.አ. በ203 የተሠራ ነው። ጽሑፉ መካከል አንድ መስመር ተፍቆ በሌላ ቃል ተሞልቷል፤ ጌታ (Geta) የሚባለው የታናሽ ልጁ ስም ነበር፤ ታላቁ ካራካላ ከገደለው በኋላ አስፋቀው። ሴቬሩስ ሲሞት ለልጆቹ «ተስማሙ፤ ወታደሩን አበልጽጉ፤ ሌላውን ሁሉ ናቁ» ብሎ ነበር ይባላል። ካራካላ ሁለተኛውን ብቻ ሰማ። የወታደሩን ደመወዝ ጨመረ፤ ብሩ ሲያልቅበት በ215 እንደ ሁለት ዲናር የሚቆጠር፣ ክብደቱ ግን አንድ ተኩል ያህል ብቻ የሆነ አዲስ ገንዘብ አወጣ። እትዬ «አበዳሪ እንደዚህ ቢያደርግ ይታሰራል» አለች።

ሐሙስ

ሲዘንብ ዋለ። ቫቲካን ሙዚየም ለመግባት ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ፤ እትዬ ሥራ ላይ ናት። ያየሁትን ከአንድ ነገር በስተቀር አልጽፍም፤ ከፕሪማ ፖርታ የተገኘው የአውግስጦስ ሐውልት። በደረት ጥሩሩ መካከል አንድ የፓርትያ (የዛሬዋ ኢራን አካባቢ የነበረ መንግሥት) ሰው ለሮማዊ የጦር ዓላማ ይመልሳል። የሮም የጦር መሪ ክራሱስ በ53 ቅ.ል.ክ. ካርሄ ላይ ሲሸነፍ የተማረኩ ንስሮች ናቸው፤ በ20 ቅ.ል.ክ. ተመለሱ። በዲናሮቹ ላይ ግን ያ ፓርትያዊ ተንበርክኮ ነው የሚታየው። ነገሩ በጦርነት አልሆነም፤ በድርድር ነው የተመለሱት፤ የፓርትያ ንጉሥም ለማንም አልተንበረከከም። በብሩ ላይ ብቻ ተንበረከከ።

ማታ የትራያንን ዓምድ በጃንጥላ ሥር ዞርኩት። ብዙ ተጽፎለታል፤ አንገቴን አመመኝ።

ዓርብ

የዛሬው ቦታ በቱሪስቶች መጽሐፍ ብዙም የለም። ከተርሚኒ ጀርባ በእግር ጥቂት እንደሄድን ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ደረስን። ጢባርዮስ የንጉሡን ዘበኞች፣ ፕሬቶሪያን የሚባሉትን፣ ያሰፈረበት የጦር ሰፈር ነው፤ የውጭው ግንብ ዛሬም ቆሟል። በጡቡ ላይ ሣር በቅሏል፤ ከሥሩ መኪና ይቆማል።

በ193 እ.ኤ.አ. በመጋቢት ዘበኞቹ ንጉሥ ፔርቲናክስን ገደሉና መንግሥቱን ለጨረታ አወጡ። ይህ ተረት አይደለም። አንደኛው ተጫራች በግቢው ውስጥ፣ ዲድዮስ ዩልያኖስ የተባለው ሀብታም ሴናተር ከግንቡ ውጭ ሆነው ዋጋ ተጠራሩ። በመጨረሻ ዩልያኖስ ለእያንዳንዱ ዘበኛ 25 ሺህ ሴስቴርስ፣ በዲናር 6,250፣ ብሎ አሸነፈ። እትዬ ግንቡን በእጇ እየዳሰሰች «ቆሞ ሲጫረት የትኛው ጋ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚያሳየኝ ባገኝ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ዩልያኖስ ምን አስመታ? በሁለት እጆቿ ሁለት የጦር ዓላማ የያዘች ሴት፣ ዙሪያዋን «የወታደሮች ስምምነት» የሚል ጽሑፍ። ስምምነቱ 66 ቀን ቆየ። ከዳኑብ ወንዝ በኩል ሴቬሩስ ጦሩን ይዞ ሲመጣ ዘበኞቹ ከዱት፤ ዩልያኖስም ተገደለ። ሴቬሩስ ዘበኞቹን ያለ መሣሪያ ጠርቶ በወታደሮቹ አስከበባቸው፤ ትጥቃቸውን አስፈታና አባረራቸው። ከዚያ እሱ ራሱ ያስመታው የአንቶንዮስን ሥዕል ነው፤ ንስር በሁለት ዓላማዎች መካከል፣ LEG እና የደገፉት ሌጌዎኖች ስም። በሚቀጥሉት ዓመታት በዲናሩ ውስጥ ያለው ብር ወደ ግማሽ ወረደ። ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በጋሊየኖስ ዘመን፣ ግዛቱ ሲቆራረስ «የወታደሮች ታማኝነት» የሚለው ቃልና የየሌጌዎኑ እንስሳት በብዛት ተመቱ፤ ገንዘቡ ግን ብር የተቀባ መዳብ ሆኖ ነበር። ቃሉ ሲወፍር ብሩ ይሳሳል።

ምሳ እዚያው አካባቢ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት በላን። ዓርብ ስለሆነ የጾም በያይነቱ። ባለቤቷ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ስትሰማ ከመሳቢያዋ አንድ ጠገራ ብር አውጥታ አሳየችኝ፤ የአያቷ ነው። በማርያ ቴሬዛ ጀርባ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። አያቶቻችን የንስሩን ትርጉም ሳይሆን በንግሥቲቱ ደረት ያለውን ፈርጥ እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት። ብልሆች ነበሩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ፖርታ ካፔና አደባባይ። ከ1937 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር። እትዬ ሮም ስትገባ ሐውልቱ ሄዶ እንደነበር በቁጭት ትናገራለች፤ ቁጭቷ ግን ደስታም ያለበት ነው።

እዚህ ቆሜ ስለ አክሱም ገንዘብ ሳላስብ መሄድ አልቻልኩም። የሮም ዲናር ወደ አዱሊስ ይገባ እንደነበር የጥንት ነጋዴ ጽፏል፤ ጥቂት ብቻ፣ እዚያ ለሚቀመጡ የውጭ አገር ሰዎች። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን ወርቅና ብር አስመታ። የሮምን የክብደት ልማድ ተከትሎ እንኳ፣ በወርቁ ላይ የንጉሡን ፊት ያቀፉት ሁለት የስንዴ ዘለላዎች ናቸው። የተንበረከከ ምርኮኛ የለም። በኋላ በመዳቡ ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል በግሪክኛ ተጻፈ። ዘመቻ ስለሌላቸው አይደለም፤ ዒዛና ድሎቹን በድንጋይ አስቀርጿል። በገንዘቡ ላይ ግን ስንዴውን መረጡ። እንደ ገልባጭ አንባቢነቴ «አገሩ ደስ አላለው ይሆን?» ብዬ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም፤ አድሏዊ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አንድ የምታውቃቸው ሽማግሌ ወደ ከፈቱት ትንሽ የአሮጌ ገንዘብ ሱቅ ወሰደችኝ። የቀድሞ አሠሪዋ ወዳጅ ናቸው። ሽማግሌው ከሰማያዊ ጨርቅ ውስጥ አንድ ዲናር አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። መርከቡ ጥላ ብቻ ሆኗል። ንስሩ ከዓላማዎቹ መካከል እንደ ጣት ምልክት ይታያል። «ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል» አሉ፤ እትዬ ተረጎመችልኝ። እንደማልገዛ አውቀዋል መሰለኝ፤ ዋጋውን አልነገሩኝም።

ከመስኮቱ ብርሃን ጋር አጋደልኩት። LEG ይነበባል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ጠፍቷል። ሽማግሌው ስድስተኛ ነው አሉ። እኔ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች የማይ መሰለኝ። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በአውራ ጣቷም ቀስ ብላ አሸችው።

«እትዬ፣ አትሺው!»

«ሁለት መቶ ዓመት ሲያሹት ኖረው የእኔ ጣት ምን ይጨምርበታል?» አለች፤ ግን መለሰችላቸው።